ጎሳ የተሰበሰበበት ምስጢር

ሐምሌ 1990 ነው። ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው። እህቴ ቤተልሄም በ1992 ነው ብላ ትሟገተኛለች። እሷ ዓመታትን የምትለካው በድርቁ ነው፤ ከድርቁ በፊት የሆነውንም በኋላ የሆነውንም ሰብስባ እዚያ ላይ ትከምረዋለች። ግን ሊሆን አይችልም። በ1992 በከተማችን በነገሌ ዙሪያ፣ ሊበን ውስጥ በእግሯ የምትቆም ጊደር ማግኘት ጭንቅ ነበር፤ ጉግሳ ለሰው ነፍስ የሰጣት ጊደር ግን የሰባች፣ ቆዳዋ የሚያብረቀርቅ ነበረች። በዓይኔ አይቻታለሁ፤ አጥራችን ላይ አስረዋት የእናቴን ጎመን ጨርሳዋለች። ደግሞም ያኔ የሰሜኑ ጦርነት ገና መነሳቱ ነበር። የጦር ካምፑ ባዶውን ቀርቶ የወታደር ሚስቶች በየደጁ ሬዲዮ ከበው ይውሉ ነበር። ስለዚህ 1990 ነው። ሐምሌ ይሁን ነሐሴ ግን አልምልም። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ጃኬት እለብስ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ጉግሳ ጎረቤታችን ነው። ከገበያው ወደ ካምፑ በሚወስደው መንገድ ዳር የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። በደርግ ጊዜ የጦሩ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር። በ1983 ጦሩ ሲበተን ሌላው ወታደር በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ሲሸሽ፣ እሱ መለዮውን አውልቆ ሁለት ሰፈር ተሻገረና ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። በሩን ሲከፍት የወፍጮ ሞተር ነበረው። ሞተሩ ከየት እንደመጣ ጠይቆ የተጣላው ሰው የለም፤ ከተማው ዱቄት ያስፈልገው ነበር።

ያ ሞተር ጆሮውን በላው። ከዚያ በኋላ ጉግሳ ወፍጮው ቢሠራም ቢቆምም የሚናገረው በአንድ ድምፅ ሆነ። በቅዳሴ መሃል ለጎኑ ሰው ያንሾካሾከውን ዲያቆኑ ሰምቶ ዞር ይላል። አማቱ በታመሙ ጊዜ ሊጠይቅ ገብቶ «የሚተርፉ አይመስለኝም» ብሎ ለሚስቱ በጆሮዋ ሲነግራት፣ አሮጊቷ ከአልጋቸው ላይ «እተርፋለሁ!» ብለው መለሱለት። ተረፉም።

የሚያወራው ስለ አያቱ ነበር። አያቱ ፊታውራሪ ናቸው፤ ፈረሳቸው ስም አለው፣ ጋሻቸው ብር አለው። «አገሬ» ሲል ሰሜን ማለቱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ረግጦት አያውቅም። የተወለደው ነገሌ፣ ክርስትና የተነሳው ነገሌ፣ ጥርሱን የነቀለው ነገሌ ነው። ኦሮምኛ ግን አያውቅም። በቆሎን፣ ጆንያን፣ ከአንድ እስከ ሃያ መቁጠርን ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ማወቅ አያቱን ማዋረድ ይመስለዋል። የአገሩን ሰዎች «እነዚህ ሰዎች» ነበር የሚላቸው፤ እሱ እንግዳ ይሁን እነሱ ሳይለይ።

በአዲስ አበባ መንገድ ያለችው ወደራ ከተማ ውስጥ ሴት ነበረችው። እድላዊት ትባላለች፣ ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት ነበራት። ጉግሳ «በቆሎ ልገዛ» ብሎ ይሄዳል። የወደራ በቆሎ ከነገሌው የተለየ እንዳልሆነ አህያ እንኳ ያውቃል። የእድላዊትን ቤት በአዲስ ቆርቆሮ ያለበሰላት እሱ ነው፤ የገዛ ቤቱ ጣሪያ በየክረምቱ ሲያንጠባጥብ ሚስቱ ባልዲ ትደቅናለች። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሚስቱም ታውቃለች። ጉግሳ ብቻ ሰው የሚያውቅ አይመስለውም ነበር።

ሚስቱ በዛብሽ ናት። እትዬ በዛብሽ እንላት ነበር፣ ግን ያኔ ከአርባ በታች ነበረች። ልጅ አልወለዱም። አንዲት የወተት ላም ነበረቻት፤ ላሟ ከእናቷ ያገኘቻት የራሷ ንብረት ናት። ጠዋትና ማታ ታልባለች፣ ወተቱን ለሻይ ቤቶች ታከፋፍላለች። ጥርሷ ሲያምር ያየሁት ከሰፈሩ ሴቶች ጋር አጥር ላይ ቆማ ስታወራ ነው። ባሏ ሲመጣ አፏን ትዘጋለች። ፈርታው አይመስለኝም። ሬዲዮ የሚዘጋ ሰው ዓይነት ነበር ነገሯ፤ ፕሮግራሙ አለቀ ብላ።

ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነው። ኢያሱ የሚባል የእንስሳት ክትባት ባለሙያ ከሶዶ ተመድቦ መጥቶ ነበር፤ ክትባት የሚይዝበትን የበረዶ ሳጥን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ሊበንን የሚዞር፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚያበጥር ልጅ። የበዛብሽን ላም ሊከትብ ገባ። ጉግሳ በዚያን ዕለት ከወደራ «በቆሎ ገዝቶ» ሲመለስ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ሚስቱ ስትስቅ ሰማ። ለምን እንደ መርዶ እንደተሰማው አልገባኝም ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን፣ በትዳራቸው ውስጥ ያንን ሳቅ ሰምቶት የማያውቅ ይመስለኛል።

ማታውኑ የጠየቃትን እኛ ሁላችን እራት እየበላን ሰምተናል። ድምፁን ግድግዳ ቀርቶ ቅጥር አያግደውም።

«ምን አሳቀሽ?»

«መቼ?»

«ቅድም! ሰውየው እያለ!»

«ላሟ ረገጠችው።»

«ላም ሰው ስትረግጥ ያስቃል?»

«እሱን ስትረግጥ ያስቃል።»

አባቴ መምህር ወልደሚካኤል ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እናቴ ሳቋን አፍና «ብሉ» አለችን።

ከዚያ ወዲህ ጉግሳ ሰላይ ሆነ። ወፍጮውን ለሠራተኛ ጥሎ በየሰዓቱ ወደ ቤት ይመጣል፣ ግን በበሩ አይገባም፤ በጓሮ ይዞራል፣ መስኮት ሥር ያደባል፣ ከሽንት ቤቱ ኋላ ይቆማል። አንድ ነገር ግን አላሰበበትም። ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ከፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ነው። በሄደበት ሁሉ ነጭ ዱካ ይተዋል። በዛብሽ ማታ ማታ መጥረጊያ ይዛ ትወጣና ከመስኮቱ ሥር፣ ከሽንት ቤቱ ኋላ፣ ከላሟ ግርግም አጠገብ የባሏን ጫማ ቅርጽ ትጠርጋለች።

«ዛሬስ የት ውሎ ነው?» ትላታለች እናቴ በአጥሩ ላይ።

«ዛሬ ላሟን ሲጠይቃት ነው የዋለው።»

«ምን አለችው?»

«ጨዋ ናት፣ አልተናገረችም።»

ሰው ሲስቅበት የሚገባው ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይቆም ነበር። ጉግሳ ግን የፊታውራሪ ልጅ ልጅ ነው። አያቱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር አሰበ፤ አያቱን የሚያውቃቸው በወሬ ስለሆነ ደግሞ ያሻውን ሊያስደርጋቸው ይችል ነበር። አንድ ሰው መሞት አለበት ብሎ ወሰነ። በገዛ እጁ ለማድረግ ግን፣ እንደሚባለው፣ ጉልበቱን ያመው ነበር።

ጉዮ የሚባል የሊበን ቦረና ነበር። የከተማው ሰው ከብት ሲኖረው ግጦሽ ስለሌለው ለአርብቶ አደር አደራ ይሰጣል፤ የጉግሳን ጥቂት ከብቶችም የሚያግድለት ጉዮ ነው። በቆሎ ሊያስፈጭ በየገበያው ቀን ይመጣል። ረጅም፣ አማርኛ የሚያውቅ ግን ቃሉ ጥቂት፣ የተጠየቀውን ሁሉ ካሰበ በኋላ የሚመልስ ሰው ነው። ጉግሳ ዝምታውን ድንቁርና አድርጎ ነበር የሚያየው። ለአባቴ አንድ ቀን «እነዚህ ሰዎች እኮ ደም አይከብዳቸውም፤ ጦር ይዘው ነው የሚወለዱት» ሲለው ሰምቻለሁ። አባቴ «አንተስ ምን ይዘህ ተወለድክ?» አለው። ጉግሳ «ስም» አለ።

በገበያ ቀን ጉዮን ከወፍጮው ኋላ ወሰደው። ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ማንም አልሰማም። የተባባሉትን የማውቀው ጉዮ በኋላ ለመቶ ሰው ቃል በቃል ስለተናገረው ነው።

«ጉዮ፣ ወንድሜ አይደለህ?»

«ከብትህን እጠብቃለሁ።»

«አንድ ሰው አለ። እንዲጠፋልኝ እፈልጋለሁ።»

«የሚጠፋ ከብት ነው። ሰው የት ይጠፋል?»

«እንዲሞት ነው የምልህ! ኢያሱ። የክትባቱ ሰውዬ። ብቻውን በብስክሌት ነው የሚሄደው፤ ሊበን ውስጥ ማን ያያል?»

ጉዮ አሰበ። «ምን አደረገህ?»

«እሱ አንተን አያገባህም። ከብቶቼ ውስጥ ያለችው ቀይ ጊደር ያንተ ናት። ዛሬውኑ።»

«ጊደሯ ጥሩ ናት» አለ ጉዮ። ደግሞ አሰበ። «ለሰዎቼ እነግራለሁ።»

ጉግሳ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ረዳት ሊያመጣ ነው ብሎ ነው። አንድ ሰው ከሚሄድበት ሦስት ሰው ቢሄድበት ሥራው ይቀላል። የዱቄት እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠው። ወደ ሃምሳ ዓመት ከቦረና ጋር ኖሮ፣ ከእነሱ በቆሎ ገዝቶ፣ ከብቱን አደራ ሰጥቶ፣ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር አልጠየቀም።

በቦረና የሰው ደም የአንድ ሰው ነገር አይደለም። የገደለ ሰው ካሳውን ብቻውን አይከፍልም፤ ጎሳው ነው ከየበረቱ ከብት አዋጥቶ የሚከፍለው። ጉማ ይሉታል። ስለዚህ በጎሳው ከብት ላይ እዳ የሚያመጣ ነገር ሊያደርግ የሚያስብ ጨዋ ሰው አስቀድሞ ጎሳውን ያማክራል። ጉዮ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው። ጊደሯን ነዳ፣ ወደ ሊበን ሄደ፣ ሽማግሌዎቹን አስጠራ። ከውሃ ጉድጓዶቹ አጠገብ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ጎሳው ተሰበሰበ። የጉግሳ ምስጢር በጠራራ ፀሐይ፣ በአጀንዳነት፣ ለውይይት ቀረበ።

ጉባኤው ሁለት ቀን ፈጀ። እዚያ የነበሩ ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ነግረውኛል፤ ያልተስማሙት የማን በሬ እንደታረደ ላይ ብቻ ነው። ቦሩ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው የመሩት።

«የሚሞተው ማነው?» አሉ ቦሩ።

«ኢያሱ» አለ ጉዮ። «የክትባቱ ሰው።»

አንድ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «እኔ አልቃወምም» አለ። ኢያሱ የወጋቸው ሁለት ጥጆች ሞተውበት ነበር። ተሳቀ። ቀጥሎ አንዱ የኢያሱ ወገን የት እንደሆነ ጠየቀ።

«ሶዶ ነው ይላሉ።»

«ሩቅ ነው። ሩቅ ያለ ወገን ካሳ ሲጠይቅ አያፍርም። ነገ በገበያ አያገኝህም።»

«በሚቀጥለው ዓመትስ ማን ይከትባል?» አለ ሌላው።

እንዲህ እያሉ የኢያሱን ነፍስ ወደዚህና ወደዚያ አንከባለሏት። ልጁ ያኔ ከእነሱ ግማሽ ቀን በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የሌላ ሰው ፍየል ይወጋ ነበር። እዚያ ጥላ ሥር አንድ ቃል ቢዛባ ሬሳው በብስክሌቱ ላይ ይመለስ ነበር። ጎሳው ግደል ቢለው ጉዮ ይገድል ነበር፣ ተው ቢለው ይተው ነበር፤ ይህን ራሱ ሳያፍር ተናግሯል።

በሁለተኛው ቀን ቦሩ ተነሱ። «እስካሁን ስለ ካሳው ተነጋገርን» አሉ። «እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳመመኝ። ይህ ባለ ወፍጮ እኛን ምን አድርጎ ነው ያየን? ሥጋ ወርውሮ የሚያናክሰን ውሻ ነን? የበደለው ሰው ካለ በደሉን ይናገር፣ ይሰማለት። ጉዮን ግን 'አያገባህም' አለው። ገዳዩን የማያገባው ሞት ምን ዓይነት ሞት ነው?» ማንም አልሳቀም። ጊደሯ ትመለስ፣ ጉግሳም በደጁ ይጠየቅ ተባለ።

በእነዚያ ቀናት ጉግሳ ምን ያደርግ ነበር? ደግ ሆነ። ለሚስቱ ስኳር ገዛ፣ ሽታ ያለው ሳሙና ገዛ። ለምን ብላ ስትጠይቀው «ሰው እኮ ነገ አይታወቅም» አላት። ጠዋት ጠዋት ኢያሱ በብስክሌቱ በወፍጮው ፊት ሲያልፍ፣ ጉግሳ በር ላይ ወጥቶ ልጁ አሁንም በሕይወት መኖሩን ያይና ፊቱ ይጨልማል። ከዚያ እጁን አንስቶ «እንዴት አደርክ ወንድሜ!» ይለዋል። ልጁም ኮርቻው ላይ ሆኖ እጅ ይነሳል። ይህን ሰላምታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ያኔ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ድረስ ሰው ከልክ በላይ ሞቅ አድርጎ ሲሰላመተኝ ጀርባዬን የሚበርደኝ ከዚያ ነው።

ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ከተማ ገባ። ሀምዛ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ነበረው፤ ጨው ይዞ ሊበን ሄዶ ነበርና ጉባኤውን ሰምቶ መጣ፣ በቀጥታም ኢያሱ ቤት ሄደ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ኢያሱ ወደ ሞያሌ የሚሄድ የከብት መኪና ላይ ከበሬዎች መሃል ተሳፈረ። የበረዶ ሳጥኑን ጥሎ ነው የሄደው፤ ክትባቱ እዚያው ቀልጦ ተበላሸ። እሱን ይቅር እለው ነበር፣ ሞት የፈራ ሰው ሳጥን አያስታውስም። ግን በዚያ ጠዋት እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ጉግሳ ሚስቱንም ሊገድል ይችል ነበር። ደጇን አልፎ ነው መኪናው ላይ የወጣው። «ተጠንቀቂ» ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጎሳ ሁለት ቀን የመከረባት ነፍስ ይህች ነበረች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰላሳም ሃምሳም ይሆናሉ፤ በትራቸውን ይዘው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ቀይዋን ጊደር ፊት ፊት እየነዱ። ጊደሯን የእኛ አጥር ላይ አሰሯትና በጉግሳ በር ፊት መሬት ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሰው ላኩበት። ከወፍጮ ቤት እንደነበረ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ሀምዛ እንዲያስተረጉም ተጠራ።

«አካም? ናጋ?» አሉ ቦሩ።

ከዚያ ሰላምታውን እንደ ወጉ ቀጠሉ። ቤቱ ሰላም ነው? ከብቱ ሰላም ነው? ዝናቡ እንዴት ነው? ጎረቤት ሰላም ነው? ሀምዛ አንድ በአንድ ይተረጉማል፣ ጉግሳ «ሰላም ነው! ሰላም ነው!» እያለ ይጮኻል፣ ላቡ በዱቄቱ ላይ መስመር ይሠራል። ሰላምታው ሲያልቅ ቦሩ በዚያው ድምፅ፣ «ልጃችን ጉዮ ሰው እንዲገድልልህ ይቺን ጊደር ሰጥተኸዋል። እውነት ነው?» አሉ።

«ውሸት ነው!»

«ጊደሯ ያንተ አይደለችም?»

ጉግሳ ጊደሯን አየ። «አላውቃትም!»

ቦሩ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «እንግዲህ ባለቤት የሌላት ጊደር ናት» አሉ።

«የኔ ናት» አለች በዛብሽ።

ከበሩ ወጥታ ቆማ ነበር፣ መቼ እንደወጣች አላየናትም። ወደ ጊደሯ ሄዳ ግንባሯን ዳበሰቻት። «የላሜ ልጅ ናት። ጡት ስትጥል ወደ ግጦሽ ልከናት ነበር።» ባሏን ቀና ብላ አየችው። «ሰው የምታስገድለው በኔ ጊደር ነው? የራስህ ሦስት በሬ እያለ?»

እናቴ «ወይ አንተ!» አለች በአፏ ውስጥ። ነፍስ ለመግዛት የሚስቱን ንብረት መስጠቱ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሊያስገድል ከመሞከሩ በላይ አስቆጣን።

ቦሩ የጥርጣሬውን ወሬ በከተማው ሰምተው ነበርና አሁን እሷን ጠየቋት። ባለቤትሽ በክትባቱ ሰው ጠርጥሮሻል፤ ነገሩ እውነት ከሆነ ለእሱ በደል አለው፣ ውሸት ከሆነ ለአንቺ አለሽ፣ አሉ። ሀምዛ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት እጇን አነሳችበት። በኦሮምኛ መለሰች፤ እሷ እንደ ባሏ አያቴን ያዋርዳል ብላ ከመናገር አልታቀበችም፣ ወተት የምትሸጠው ለማን ሆነና። ረጋ ብላ ተናገረች። መጀመሪያ ከፊት ያሉት ሽማግሌ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ከዚያ ሁሉም በትራቸውን መሬት እየመቱ ሳቁ።

«ምን አለች?» አለ ጉግሳ።

ሀምዛ መሬት መሬት አየ። «ተወው ጋሼ።»

«ምን አለች ነው የምልህ! ሚስቴ ምን አለች!»

ወደ ሃምሳ ዓመት በኖረበት አገር፣ የገዛ ሚስቱ የተናገረችውን ከባለ ሱቁ ለመነ። ሀምዛ ጉሮሮውን ጠረገ። «'ከዚያ ልጅ ጋር ምንም አልነበረኝም' ነው ያሉት። 'ባሌ ግን ይህን ያህል ከደከመበት፣ ነገሩ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል።'»

«ሌላስ!»

«'በአንዲት ሳቄ ጎሳ ከተሰበሰበ፣ ለወደራዋ ስንት ጎሳ ይሰብሰብልኝ?' አሉ።»

ጉግሳ አፉን ከፈተ። በሕይወቴ ያ ሰው ድምፅ አጥቶ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልቆዩም። በኢያሱ ላይ እጅም ቃልም እንዳያነሳ በሰው ሁሉ ፊት አስማሉት፣ ጉዮን ይቅርታ አስጠየቁት። ከብቶቹን በሳምንት ውስጥ ከሊበን እንዲያወጣ ነገሩት፤ የሰው ነፍስ በከብት የሚገዛ ሰው ከብት በረታቸው ውስጥ እንዲያድር አልፈለጉም። ጉዮ ሲሄድ ጉግሳን አላየውም። በዛብሽን ግን «ጊደርሽ በልታለች፣ ጠጥታለች» አላት።

ፖሊስም ጠራው። ጥቂት ቀን አስቀምጦት በዋስ ለቀቀው፤ የሞተ ሰው የለም፣ ሊሞት የነበረውም ከሞያሌ መጥቶ ለመክሰስ ፈቃደኛ አልነበረም። እድላዊት ልብሱን በራሱ የበቆሎ ጆንያ ቋጥራ በወደራ መኪና ላከችለት። በዛብሽ በዚያው ቅዳሜ ላሟንና ጊደሯን ይዛ እህቷ ጋር ገባች። ኋላ የራሷን ቤት ሠራች፣ ከብቶቿ በዙ፣ አሁን ነገሌ የሚጠጣው ማኪያቶ ግማሹ የእሷ ወተት ነው። አላገባችም። ኢያሱን ጠቅሶ የሚያሾፍባት ሲገኝ «ያኔ ላሟ በደንብ ብትረግጠው ኖሮ ሁላችንም እንገላገል ነበር» ትላለች።

ጉግሳን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘሁት በ2010 ነው፣ መናኸሪያ ውስጥ፣ ንጋት ላይ። ወፍጮው በመብራት ወፍጮዎች ተበልቶ ተዘግቷል። ከስቶ፣ ኮቱ ሰፍቶት፣ አንድ ሻንጣ ይዞ ቆሞ ነበር።

«አንተ የመምህር ወልደሚካኤል ልጅ አይደለህም!» መናኸሪያው ሁሉ ዞረ።

«ነኝ ጋሼ ጉግሳ። እንደምን ኖት? ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«አገሬ።» ቀረብ አለኝ። «ከአዲስ አበባ በኋላ በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

ነገርኩት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። እሱን ለመናቅ ሃያ ዓመት ሙሉ ዝግጁ ነበርኩ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል የአገሩን መንገድ ከመንገደኛ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ለመናቅ የተመቸ ነው፤ ግን እንዳሰብኩት አልጣመኝም።

«ትጽፋለህ አሉ» አለኝ።

«እሞክራለሁ።»

«ስለኔ ትጽፍ ይሆናል።» ዝቅ ያለ ድምፅ አወጣ፤ ለእሱ ዝቅ ያለ ማለት ነው፣ ቲኬት ቆራጩ ብዕሩን አቁሞ ይሰማ ነበር። «ኢያሱ እንዲሞት አይደለም የፈለግኩት። ልጁ ምን አደረገኝ? ልጁ አይደለም።»

ዓይኑ ውሃ ያቀረረ መሰለኝ፣ ንፋሱም ሊሆን ይችላል። አፌን ከፈትኩ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ጉግሳ ደንግጦ ሻንጣውን አነሳና ሮጠ፤ ወዲያው ከፊተኛው ወንበር ላይ ከተቀመጠች አንዲት ሴት ጋር ሲጣላ ሰማሁት። «ቦታው የኔ ነው! ከትናንት ጀምሮ የኔ ነው!» ሴትየዋ ንቅንቅ አላለችም። ቆሞ ሲጮኽ አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ፣ ከበሩ ወጣ፣ በወደራ መንገድ ታጠፈ።

ታዲያ ምን ነበር የፈለጉት፣ ልለው ነበር።